ሒሳብንና ፍልስፍናን አብሮ ስለ መማር

ልጅ ከቤት ወጥቶ ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚሄድበት ጊዜ ወላጆችን ከሚያሳስባቸው ነገር ዋናው የሚመርጠው የትምህርት ዐይነት ነው። ሐኪም ወይም መሐንዲስ እሆናለሁ ያለ እንደ ሆነ ቤተ ሰቡ ሁሉ ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። «ሒሳብና ፍልስፍና ልማር» ያለ እንደ ሆነ ግን ቤቱ ዝም ይላል። አባት «ከዚህ ምን እንጀራ ይገኛል» ይላል፤ እናት ደግሞ «ፍልስፍና የሚሉት ነገር ልጄን ከቤተ ክርስቲያን ያርቅብኛል» ብላ ትሰጋለች። በአዊ ዞን፥ በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ፥ ድንቹንና ከሰሉን ሸጦ ልጁን የሚያስተምር ቤተ ሰብ እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ሁለቱ ትምህርቶች ስለ ምን እንደሚፈላለጉ፥ ወላጅም ልጁን እንዴት ሊመክረው እንደሚገባ ባጭሩ እንገልጻለን።

በመጀመሪያ ነገሩ እንግዳ እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በወጣው ሥርዓት መሠረት ወደ አገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የሚገቡ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ዓመት በጋራ ትምህርት ያሳልፋሉ። ተማሪው የተፈጥሮ ሳይንስ ቢሆን፥ የማኅበራዊ ሳይንስም ቢሆን፥ በዚህ ዓመት ሒሳብንም ሎጂክንም ይማራል። የሒሳቡን መጽሐፍ የገለጠ ተማሪ በመጀመሪያው ምዕራፍ የሚያገኘው ስለ ቍጥር አይደለም፤ አንድ ዐረፍተ ነገር እውነት ወይም ሐሰት የሚሆንበትን መንገድ የሚመረምረውን ሎጂክን ነው እንጂ። የሎጂኩን መጽሐፍ የገለጠ ደግሞ አስቀድሞ የሚያገኘው ፍልስፍና ምን እንደ ሆነ የሚያስረዳውን ምዕራፍ ነው። ከዚህ ዓመት በኋላ ግን መንገዶቹ ይለያያሉ፤ ሒሳብ ከተፈጥሮ ሳይንስ ጋር፥ ፍልስፍና ከማኅበራዊ ትምህርት ጋር ይመደባሉ። ሁለቱን አጣምሮ በአንድ ዲግሪ ማስተማር በአገራችን የተለመደ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ግን ሁለቱ በአንድነት ይሰጣሉ። እነዚያ ሰዎች ይህን ያደረጉት ምን አይተው ነው?

መልሱን ለማግኘት በቤታችን ያለውን ባሕረ ሐሳብን መመልከት ይበቃል። የ2018 ዓ.ም. በዓላትንና አጽዋማትን እንውሰድ። 5500 ዓመተ ዓለም ከ2018 ዓመተ ምሕረት ጋር ሲደመር 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከዚህ ላይ 1 ሲቀነስ የሚቀረው 12 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ወንበሩ ደግሞ በ19 ሲባዛ 228 ይሆናል፤ በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መጥቅዑ ከ14 ስለ በለጠ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ቀን ይሆናል፤ ዕለቱም እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ 7 በመጥቅዑ ላይ ሲጨመር 25 ይሆናል፤ ይህም መባጃ ሐመር ይባላል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ይሆናል። በመባጃ ሐመሩ ላይ የዐቢይ ጾም ተውሳክ 14 ሲጨመርና 30 ሲገደፍ የካቲት 9፥ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሲጨመርና 30 ሲገደፍ ሚያዝያ 4 ይገኛል።

አሁን በዚህ ስሌት ላይ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይቻላል። የመጀመሪያው «ማባዛቱና ማካፈሉ ልክ ነውን?» የሚል ነው። ይህ የሒሳብ ጥያቄ ነው፤ መልሱም ወረቀቱ ላይ ያልቃል፤ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ቢያሰሉ አይለያዩም።

ሁለተኛው «በ11 የምናባዛው፥ ለ19 የምናካፍለው ስለ ምን ነው?» የሚል ነው። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፥ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ሆኖ ስለሚቈጠር ልዩነቱ 11 ነው። በ19 ዓመት ውስጥ ይህ ልዩነት ተጠራቅሞ 209 ቀን ይሆናል፤ 7 ወር በ30 ሲቈጠር ደግሞ 210 ነውና አንድ ቀን ይጐድላል። ሊቃውንቱ ይህችን አንድ ቀን በቍጥር ሞልተው ዐውደ ቀመሩን ይዘጉታል። እንደዚሁም የስሌቱ ጨረቃና በሰማይ የምትታየው ጨረቃ ፈጽመው አንድ አይደሉም፤ በ300 ዓመት ገደማ የአንድ ቀን ልዩነት በመካከላቸው ይፈጠራል። እንግዲህ ስሌቱ በራሱ እንከን ሳይኖርበት ከሚሰፈረው ነገር ጋር በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል ማለት ነው። መስፈሪያውንና የሚሰፈረውን ለይቶ ማየት የፍልስፍና መጀመሪያ ነው።

ሦስተኛው «ይህ ቍጥር የተሠራው ለምን ጥቅም ነው?» የሚል ነው። ሥርዓቱ የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ለነበሩት ለቅዱስ ድሜጥሮስ ይሰጣል። ዓላማው የሰማይን ጨረቃ በደቂቃ መከታተል አይደለም፤ ምእመናን ሁሉ በአንድ ቀን እንዲጾሙና በአንድ ቀን በዓል እንዲያደርጉ ነው። ይህን መልስ በማባዛት ማንም አያገኘውም። ሦስቱን ጥያቄዎች ለይቶ የሚያውቅ ሰው ስለ ባሕረ ሐሳብ ክርክር ቢነሣ አይደነግጥም፤ የትኛው ጥያቄ እንደ ተነሣ መርምሮ ለዚያው ይመልሳል እንጂ።

ይህ ነገር ከቤተ ክርስቲያን ቍጥር ወጥቶ እስከ ማሳ ድረስ ይደርሳል። በአዊ፥ ይልቁንም በፋግታ ለኮማ ወረዳ፥ ብዙ ገበሬ በእርሻው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክሎ ከሰል በማክሰል ኑሮውን ሲያሻሽል ኖሯል። አንድ ገበሬ ችግኙን ቈጥሮ፥ ዛፉ በ4 ወይም በ5 ዓመት ይደርሳል ብሎ፥ የከሰሉንም ዋጋ ገምቶ ትርፉን ቢያሰላ ስሌቱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዛፉ ላይ በሽታ ወርዶ ብዙውን ተክል ጐድቶታል። ስሌቱን ያፈረሰው መደመሩ አይደለም፤ «ዛፉ ጤነኛ ሆኖ ያድጋል» የሚለው ሳይነገር የገባው መነሻ ነው። ሒሳብ «መነሻው ይህ ከሆነ መድረሻው ያ ነው» ይላል። «መነሻውስ ከወዴት መጣ? ሌላ መነሻ ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ የፍልስፍና ድርሻ ነው። ሁለቱ አብረው ሲኖሩ አንዱ የሌላውን ጕድለት ይሞላል።

በዓለም የታወቁት ሊቃውንትም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። ግሪካዊው ኤውክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ገደማ የመስመርንና የማዕዘንን ትምህርት ከጥቂት መነሻዎች አውጥቶ አስተማረ። ከመነሻዎቹ አንዱ ስለማይገናኙ መስመሮች የሚናገረው ነበር፤ ብዙ ሊቃውንትም ይህን ከሌሎቹ መነሻዎች ለማስረዳት እየሞከሩ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ደከሙ። በመጨረሻም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1829 ሩሲያዊው ሎባቼቭስኪ፥ በ1832 ሀንጋሪያዊው ቦያይ ያንን መነሻ ለውጠው እርስ በርሱ የማይጋጭ ሌላ የመስመር ትምህርት እንደሚገኝ ገለጡ። በ1931 ደግሞ ጐደል የተባለው ሊቅ፥ ተራውን የቍጥር ትምህርት የሚይዝና ራሱን የማይቃረን ማናቸውም የታወቀ የመነሻ ሥርዓት፥ በራሱ ሕግ ሊያስረዳውም ሊያፈርሰውም የማይችል የቍጥር አነጋገር እንደሚኖር በሒሳብ አስረዳ። እንግዲህ ስለ ማስረዳት ወሰን የተነገረው ይህ ታላቅ ነገር የሒሳብ ነው ወይስ የፍልስፍና? የሁለቱም ነው።

ስለ ሃይማኖት ለሚሰጉ ወላጆችም የምንለው አለን። ፍልስፍና የሚለው ስም ለቤተ ክርስቲያናችን መጻሕፍት ባዕድ አይደለም። መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአባ ሚካኤል ከዐረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሷል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነርም ይህንና ይህን የመሳሰሉትን የግእዝ መጻሕፍት ለዓለም አስተዋውቀዋል። የአንድምታ ትርጓሜ ተማሪም አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በብዙ መንገድ መመርመርን ከመምህሩ ይማራል። ነገር ግን ስጋቱን ሁሉ ከንቱ ነው ብለን አንሸነግልም። በዩኒቨርሲቲ ልጁ ሃይማኖትን የሚነቅፍ ክርክርም ያነባል፤ የሚደግፍም ያነባል፤ ጥያቄ ይዞ ወደ ቤት የሚመጣበትም ቀን ይኖራል። ያን ጊዜ ቍጣ መልስ አይሆንም። የተቈጣ አባት ጥያቄውን አያጠፋውም፤ ከቤት ያስወጣዋል እንጂ። «ልጄ፥ ይህን እኔ አላውቀውም፤ ከየኔታ ዘንድ አብረን ሄደን እንጠይቅ» ያለ አባት ግን ልጁንም ጥያቄውንም በቤቱ ያኖራል።

ስለ እንጀራ የተነሣውም ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ ይፈልጋል። ሁለቱን ትምህርቶች በስማቸው አጣምሮ ሠራተኛ የሚቀጥር መሥሪያ ቤት በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ተማሪው አንዱን ዋና ትምህርት አድርጎ ይያዝ፤ ከሌላው ደግሞ ዩኒቨርሲቲው የሚፈቅድለትን ያህል ይጨምር፤ የቀረውን በራሱ ንባብ ይሙላ። ይህንንም ከመመዝገቡ በፊት የትምህርት ክፍሉን ይጠይቅ። ሒሳብን የተማረ ሰው በመምህርነት፥ በስታቲስቲክስና በኮምፒዩተር ሥራ ሊገባ ይችላል። የኮምፒዩተርም ነገር ቢሆን ከሎጂክ የራቀ አይደለም፤ እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል በ1847 ሎጂክን በሒሳብ ምልክት የጻፈበት መንገድ ዛሬ በእያንዳንዱ ኮምፒዩተር ውስጥ ይሠራል። ፍልስፍናን የተማረም የሰውን ክርክር መዝኖ የትኛው ቃል ከየትኛው እንደሚከተል የመለየት ልማድ ያገኛል፤ ይህም በዳኝነት፥ በአስተዳደርና በጽሕፈት ሥራ የሚፈለግ ነው።

ወላጅ ልጁ በእውነት ይህን ትምህርት እንደሚወድ የሚያውቅበት ቀላል መንገድ አለ። ወንድ ልጅ ቢሆን ሴት ልጅ ብትሆን፥ የተማረውን አንድ የሒሳብ ሕግ ለቤተ ሰቡ እንዲያስረዳ ይጠየቅ። ሕጉን ብቻ ተናግሮ ዝም ካለ ገና ቀለሙን ነው የያዘው። «ይህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው» እያለ ወደ ኋላ ሄዶ መነሻውን ካሳየ፥ መነሻውንም «ይህን ደግሞ ስለ ምን እንቀበላለን?» ብሎ ከጠየቀ፥ ሁለቱ ትምህርቶች በአእምሮው ውስጥ ተገናኝተዋልና አትከልክሉት። የመማሪያውንም ወጪ አስቀድማችሁ አብራችሁት አስሉ፤ ስሌቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ግን መነሻውን አንድ ጊዜ ደግማችሁ መርምሩ።