የመድኃኒት ቤት ደጃፍም የጥበቃ ኬላ ነው

አንድ አገር ዳር ድንበሩን ሌት ተቀን በንቃት ቢያስጠብቅም፣ መርዝ በመድኃኒት ስም በብልቃጥ ታሽጎና በደረሰኝ ተሽጦ ወደ ሕዝቡ ቤት ሊገባ ይችላል። ይህ ለማስፈራራት የተነገረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 በምዕራብ አፍሪካዊቷ አገር በጋምቢያ በገሃድ የደረሰ ነው። በዚያ ዓመት ትኩሳትና ሳል ይዟቸው ሽሮፕ የተሰጣቸው ሕፃናት ሽንታቸው እየታገደና ኩላሊታቸው ሥራውን እያቆመ ከ60 የሚበልጡት አለቁ። አብዛኞቹ አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ነበሩ። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2022 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከሕንድ አገር የገቡ አራት ዓይነት ሽሮፖች ዳይኢትሊን ግላይኮልና ኢትሊን ግላይኮል በተባሉ መርዞች የተበከሉ መሆናቸውን አስታወቀ።

ነገሩ እንዴት ሊደርስ ቻለ? ሽሮፕ በሚዘጋጅበት ጊዜ መድኃኒቱን የሚያሟሙት እንደ ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ያሉ ፈሳሾች ናቸው። ዳይኢትሊን ግላይኮል ደግሞ ለፍሬን ዘይትና ለመሳሰሉት የኢንዱስትሪ ሥራዎች የሚውል፣ ዋጋው የረከሰ ፈሳሽ ነው። መልኩ እንደ ግሊሰሪን የጠራ፣ ጣዕሙም ጣፋጭ በመሆኑ በዓይንም ሆነ በምላስ አይለይም። ስለዚህ በስስትም ሆነ በቸልተኝነት ምርመራ ሳይደረግበት ወደ ሽሮፕ ከገባ፣ እናት ልጄን አድናለሁ ብላ በማንኪያ የምታጠጣው መርዝ ይሆናል።

አደጋው አዲስ አለመሆኑ ሐዘኑን ያከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ በዚሁ መርዝ የተሟሟ የሰልፋ መድኃኒት ከ100 በላይ ሰዎችን በመግደሉ፣ ማንኛውም አዲስ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ደህንነቱ እንዲረጋገጥ የሚያስገድድ ሕግ በማግሥቱ ዓመት ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1996 በሃይቲ ከ80 በላይ ሕፃናት በተመሳሳይ ሁኔታ ሞተዋል። ከመጀመሪያው እልቂት እስከ ጋምቢያው ድረስ 85 ዓመታት አልፈዋል። ዕውቀቱ ሳይጠፋ ጥበቃው በመላላቱ ብቻ አንዱ ጥፋት ደጋግሞ ተፈጽሟል።

እዚህ ላይ፣ «የሰፈር መድኃኒት ቤት ቤተ ሙከራ የለውም፤ ታዲያ ምን ሊያደርግ ይችላል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዓይን የማይታይን መርዝ ባለሙያው እንዲያይ መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ይሁን እንጂ ባለሙያው ሊያውቃቸው የሚችላቸውና የሚገባው ሦስት ነገሮች አሉ። እነርሱም መድኃኒቱ ከማን እንደመጣ፣ እንዴት እንደተቀመጠና ለማን እንደተሰጠ ናቸው።

የመጀመሪያው የምንጩ ጉዳይ ነው። ወታደር የጥይት ሣጥን ሲረከብ ማኅተሙን ሳያይ፣ ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር ሳያመሳክር አይፈርምም። መድኃኒትም ሲገባ ከታወቀ አስመጪ ወይም አከፋፋይ መሆኑ፣ የምርቱ መለያ ቁጥርና ጊዜው የሚያልፍበት ቀን መመዝገብ አለበት። በጋምቢያ የተበከለው ሽሮፕ ከታወቀ በኋላ በየቤቱ እየዞሩ ብልቃጥ መሰብሰብ ግድ ሆኖ ነበር። መዝገቡ የተሟላ ከሆነ እንዲህ ያለው ፍለጋ ያጥራል፤ ባጠረው ሰዓትም ሕይወት ይድናል።

ሁለተኛው አቀማመጡ ነው። እናት ስትወልድ የሚፈሳትን ደም የሚያቆመው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉ ይደክማል። ብልቃጡ ግን ከውጭ ሲታይ ያው ነው። የስኳር ሕመምተኛው ኢንሱሊንም እንዲሁ ቅዝቃዜ ይሻል። አስፒሪን እርጥበት ሲያገኘው እየተበላሸ የኮምጣጤ ሽታ ያመጣል። በቆላ ከተሞች በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መጋዘን መድኃኒትን በዝምታ ይገድላል። ስለሆነም ቴርሞሜትርና በየዕለቱ የሚሞላ የሙቀት መዝገብ፣ እንዲሁም ጊዜው ቀድሞ የሚያልፈውን ቀድሞ ማውጣት ለቅንጦት የሚደረጉ አይደሉም።

ሦስተኛው የአሰጣጡ ሥርዓት ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል፣ መጠኑ ያነሰ መድኃኒት ተሕዋስያንን ሳይገድል እንደሚያለማምዳቸው አስጠንቅቆ ነበር። ዛሬም ያለ ሐኪም ማዘዣ አራት ፍሬ ጸረ ተሕዋስያን ገዝቶ ሻል ሲለው የሚያቋርጥ፣ የተረፈውንም በኪሱ ይዞ ለባልንጀራው የሚያካፍል ብዙ ነው። በዚህ ረገድ ከወታደሩም ከከተማው ነዋሪም ነፃ የሚወጣ የለም።

በኢትዮጵያ የፋርማሲ ሥራ ደንብ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ1964 ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጉ በየጊዜው ተሻሽሎ በ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ታውጇል። ከሕግ ማነስ ይልቅ የሚያሳስበው ሕጉ እስከ መደርደሪያው ድረስ መድረሱ ነው። ከዚህም ጋር ሐቁን መሸፈን አይገባም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 እንዳመለከተው፣ በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ከሚገኙት አሥር የሕክምና ምርቶች አንዱ ከደረጃ በታች ወይም ሐሰተኛ ነው። ትክክለኛው መድኃኒት ከመደርደሪያው ሲጠፋ ወይም ዋጋው ከድኻው አቅም በላይ ሲሆን፣ ሰው በኮንትሮባንድ ወደገባውና በገበያ ፀሐይ ላይ ወደተዘረጋው ይሄዳል። እንግዲህ ቁጥጥር ብቻውን በቂ አይደለም፤ አቅርቦቱም መስተካከል አለበት። ባዶ መደርደሪያ እየጠበቁ ሕዝቡን ከገበያ አትግዛ ማለት ትርፉ ድካም ነው።

የገዢውም ድርሻ ትንሽ አይደለም። ማኅተሙንና ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን አይቶ መቀበል፣ ደረሰኝ መጠየቅ፣ አወሳሰዱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረውና በመያዣው ላይ እንዲጻፍለት ማሳሰብ መብቱ ነው። ሕፃን መድኃኒት ወስዶ ሽንቱ ቢቀንስ፣ ብልቃጡን ሳይጥሉ ከሕፃኑ ጋር ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። ጥያቄ ሲቀርብለት የሚቆጣ ባለ መድኃኒት ቤት ካለ፣ ገዢው ሌላ ደጃፍ ቢፈልግ ይሻለዋል። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ መዝገቡን ገልጦ ያሳያል። የኬላ ጠባቂ ዋጋው የሚታወቀው አደጋው ሳያልፍ በፊት ነውና፣ የመድኃኒት ቤቱም ጥንቃቄ ሕፃኑ ከመታመሙ በፊት ሊረጋገጥ ይገባል።