ለቁሓ ወላጆች፦ ልጆቹን ወደ ማድ ቤት አስገቧቸው

የቁሓ እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ታላላቅ ወንድምና እህቶች!

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ተከተለ። አብዛኛው የትግራይ ልጅ ወደ ክፍል የተመለሰው በ2015 ዓ.ም. ነው። ያ ሁሉ ጊዜ ያጎደለውን መምህራን ብቻቸውን አይሞሉትም። በሒሳብ መደመር ያልገባው ልጅ ማባዛት ላይ ሲደርስ ይቆማል። ስለዚህ ትንንሾቹም ያው ጉድለት እንዳይገጥማቸው ከቤት እናስጀምራቸው፤ የሚያስፈልገን ዕለት ዕለት የምናበስለው ብቻ ነው።

ቡና ሲፈላ ሲኒውን ልጁ ይደርድር። ስምንት ሰው ተቀምጦ አምስት ሲኒ ከቀረበ ስንት እንደጎደለ እሱ ይንገራችሁ። ለአንድ ብርጭቆ ሩዝ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ከገባ፣ ለሦስት ብርጭቆ ስንት እንደሚገባ ጠይቁት። ሕምባሻው ሲቆረስ መጀመሪያ ለሁለት፣ ቀጥሎ ለአራት፣ ከዚያ ለስምንት ይከፈል፤ ቁራሹ ሲበዛ እያንዳንዱ ለምን እንደሚያንስ ዓይኑ ያየዋል። ሊጡ ዛሬ ከተቦካ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚጋገር ይቁጠር።

እስከ አሥር በቃል መቁጠር ቁጥር ማወቅ አይደለም። ስምንት ሲኒ አቅርቡለትና እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ ይቁጠር፤ ሲጨርስ «ስንት ሆኑ?» በሉት። እንደገና ከአንድ ከጀመረ ገና ነው፤ ሳይቆጥር «ስምንት» ካለ ገብቶታል። ሲሳሳት አትቆጡት፤ አብራችሁት ቁጠሩ። መልሱንም ቀድማችሁ አትንገሩት። ቤት ውስጥ የምትናገሩት ትግርኛ ከሆነ በትግርኛው ጠይቁት፤ ክፍል ሲገባም የሚማረው በዚያው ነው።

ወንድ ልጅም ሴት ልጅም እኩል ይግቡ፤ አባቶችም አትቅሩ። እሳቱ፣ ቢላዋውና የፈላው ጀበና ግን የአዋቂ ድርሻ ነው።

የኦ-ክፍልና የአንደኛ ክፍል መምህራን፣ ዓርብ ዓርብ አንድ የማድ ቤት ጥያቄ ወደ ቤት ላኩ፤ ሰኞ ልጆቹ መልሱን ለጓደኞቻቸው ያስረዱ። ቡና የምትጠራሩ ጎረቤቶች፣ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ወላጆች ይህን ንገሯቸው፤ ለዚህ ሥራ ፊደል መቁጠር ግዴታ አይደለም።

ዛሬውኑ፣ እራት ከመቅረቡ በፊት ልጃችሁን ጥሩና «ለቤቱ ሰው ስንት እንጀራ ይበቃናል?» ብላችሁ ጀምሩ።