ለብቻው የሚሠራ ሰው ሚዛን

«ሥራህ ምንድን ነው?» ሲባል «የማኅበራዊ ሚዲያ አማካሪ ነኝ» የሚል ወጣት ዛሬ በየአጥቢያችን አለ። አባቶች ፈገግ ይሉና «ስልክ ላይ መዋልም ሥራ ሆነ?» ይላሉ። እኔ ሥራ ነው ባይ ነኝ። ልብስ የምትሸጥ እህት ገዢ የምታገኘው በቴሌግራምና በቲክቶክ ከሆነ፣ ምን እንደምትለጥፍና ለጠየቃት ሰው እንዴት እንደምትመልስ የሚያሳያት ባለሙያ ያስፈልጋታል። ጳውሎስም በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ሰፍቶ በእጁ ሥራ ኖሯል (ሐዋ. 18)።

እግረ መንገዴን፦ የቤተ ክርስቲያኑን ፔጅ የሚሠራውን ልጅ ዓመቱን ሙሉ በነጻ እያሠራን፣ ድምፅ ማጉያ ለሚጠግነው ግን ሳንከራከር የምንከፍል መሪዎች ብናስብበት መልካም ነው። ለጌታ በፈቃዱ የሚሰጥ ይስጥ፤ እኛ ግን ቀድመን «አገልግሎት ነው» ብለን አንወስንለት።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው አለቃ፣ ሒሳብ ሹምና ኦዲተር አለበት። ለብቻው የሚሠራ ግን ደንበኛው የማያውቀውን እሱ ብቻ ያውቃል።

ተከታይ በገንዘብ እንደሚገዛ ታውቃላችሁ። በአንድ ሌሊት 10 ሺህ ተከታይ የተጨመረለት ባለ ሱቅ ይደሰታል፤ ነገር ግን አብዛኛው ከጀርባው ሰው የሌለበት አካውንት ስለሆነ ጫማ አይገዛም። ሙሴ በአንድ ከረጢት ሁለት ዓይነት መመዘኛ መያዝን የከለከለው (ዘዳ. 25) በገበያ ስለሚመዘን ዕቃ ነበር። የተከታይ ቁጥርም መመዘኛ ነው።

ከዚህ የሚሰወረው የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ለማስነገር በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል፤ ብዙ ነጋዴ ይህ የለውም። ስለዚህ ብሩን ለአማካሪው ይሰጣል፤ አማካሪው ካርድ ባለው ሰው በኩል በዶላር ይከፍላል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ዋጋው ይለዋወጣል፤ ደንበኛው በስንት እንደተመነዘረ አያውቅም። «100 ዶላር አወጣሁ» ብሎ 60 ማውጣት ይቻላል። ማን ያያል? «ለድካሜ ነው» ብሎ ኅሊናን ማስተኛትም ይቻላል።

ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘውም። አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮ እንዲሄድ አደረገ፤ ምክንያቱንም ሲናገር፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ገለጠ (2ቆሮ. 8)። ሐዋርያ ነው እኮ! «እመኑኝ» ማለት ይችል ነበር። እኛ «ጌታ ልቤን ያውቃል» ማለት እንወዳለን። በእርግጥ ያውቃል፤ ደንበኛህ ግን ደረሰኙን ማየት አለበት።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ የማስታወቂያው አካውንት በደንበኛው ስም ይከፈት፤ ምን እንደወጣ ራሱ ገብቶ ይይ። የድካም ዋጋችሁን ለይታችሁ ንገሩት እንጂ ከማስታወቂያው ገንዘብ ጋር አትቀላቅሉት። «ሽያጭህን እጥፍ አደርጋለሁ» አትበሉ፤ ያ በእጃችሁ አይደለም። በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምትለጥፉ፣ መልእክት በምን ያህል ጊዜ እንደምትመልሱ ግን ቃል መግባት ትችላላችሁ። ስትለያዩ የይለፍ ቃሉን አስረክቡ። ንግድ ፈቃድ አውጡ፣ ግብራችሁንም ክፈሉ።

«ፓስተር፣ ሌላው 20 ሺህ ተከታይ እያለ ደንበኛ ሲወስድ እኔ ምን ልብላ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ የቤት ኪራይ ወር ሲሞላ አይጠብቅም። አንዳንድ ደንበኛም በእርግጥ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሦስት አራት የሚከፍሉ ደንበኞች ሳይያዙ ደመወዝ መልቀቅን የማልመክረው። «እምነት» ብለን የምንጠራው አንዳንዱ ነገር ችኮላ ነው፤ የቸገረው ሰው ደግሞ 60ውን 100 ለማለት ቅርብ ነው።

በኅብረታችን ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ያላችሁ ወገኖች፣ ከነዚህ ልጆች አንዱን ጥሩና የሦስት ወር ሥራ ስጡት። ስንት ተከታይ ጨመርክ ሳይሆን ስንት ሰው ደውሎ ገዛ ብላችሁ ጠይቁት። ክፍያውንም በቀኑ ስጡት።