ሰንጢውን ወደው ሠሪውን ለሚንቁ

በደብረ ኤልያስ ሳስተምር በእጅ የተሠራ ሰንጢ እየሰበሰቡ የሚኩራሩ ሰዎች አይቻለሁ። የቀንድ እጀታውን ያሻሻሉ፤ ስለቱን በጥፍራቸው ይሞክራሉ። ቀጥቃጩ ማን እንደ ሆነ ሲጠየቁ ግን «ቡዳ ነው» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። ይህ ምን ዓይነት ፍቅር ነው?

ወጣቶች ሆይ፥ ሰንጢ መሥራት ካራ ከመሥራት ይከብዳል። ባለእጁ አሮጌ የመኪና ባሌስትራ በወናፍ እሳት አግሎ ይቀጠቅጣል፤ በውሃ ያጠነክራል። ስለቱና እጀታው የሚገናኙበት ችንካር ከላላ ጣት ያስቆርጣል፤ ከጠበቀም አልከፈት ይላል። ይህን የሚለካው በዓይኑ ብቻ ነው! ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ስድቡ ግን እስከ ዛሬ ከአፋችን አልወጣም። ሰብሳቢ ነኝ ባይ፥ ለመሆኑ ያን ባለእጅ ከማዕድህ አቅርበኸው ታውቃለህን?