መደራረብ ማቀናጀት አይደለም!

«እናንተ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በአሠራር ዘዴ ምን አገባችሁ?» እንደምንባል እናውቃለን። ጉዳዩ የማኔጅመንት ተማሪዎች ርስት ነው አሉ። ወረፋ ላይ የምንቆመው ግን ሁላችንም ነንና ያገባናል!

እስኪ የመሥሪያ ቤቶቻችንን ታሪክ አስታውሱ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ቢፒአር ተስፋፋ፤ ቢኤስሲ ተከተለ፤ ካይዘን መጣ፤ አንድ ለአምስትም ታከለ። አንዱ ከግድግዳው ሳይነሣ ሌላው ተለጠፈበት። ሲጠየቁ «አቀናጅተናል» ነበር መልሱ። የቱን ከየቱ ጋር?

አሜሪካኖቹ ሐመርና ቻምፒ እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት መጽሐፍ የሰበኩት ነባሩን አሠራር ከሥሩ ነቅሎ በባዶ ወረቀት ላይ እንደገና መንደፍን ነው፤ ትእዛዙም ከላይ ይወርዳል። ካይዘን ግን፣ ያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጃፓኖች ድጋፍ በ30 ገደማ ድርጅቶች የተሞከረውና በ2011 ኢንስቲትዩት የተቋቋመለት፣ ሥራውን የሚያውቀው ሠራተኛው ነውና ካለው ተነሥቶ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ያሻሽል ይላል። ሁለቱን ባንድ ላይ ላንድ ሠራተኛ መጫን «ቤቱን አፍርሰው፤ ግድግዳውንም ምረገው» ማለት አይደለም ወይ? ሠራተኛውም ሁለቱንም ፎርም ይሞላል፣ ሥራውን እንደ ድሮው ይሠራል። አይፈረድበትም።

ዘዴ አይቀላቀል አላልንም። ሚንገርስና ብሮክልስቢ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1997 እንደተከራከሩት፣ ባንድ ችግር ውስጥ የሚለካ ነገር አለ፣ የሰው አመለካከት አለ፣ ሥልጣንም አለ፤ አንድ ዘዴ ሁሉን አይደርስበትም። ከነሱ በፊት እንግሊዛዊው ቼክላንድ «ችግሩ ምንድነው?» በሚለው ላይ ራሱ ሰዎች እንደማይስማሙ አሳይቷል።

መካኒሳን እንውሰድ። መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ነው። እዚያ የተማረ አንድ ወጣት ጉዳይ ይዞ ቢሮ ገባ እንበል። በቢፒአሩ ሰሌዳ መሠረት በተወሰነለት ደቂቃ ተስተናገደ። በካይዘን አምስቱ «ማ»ዎች የተደረደረው ፋይል ባንዴ ተገኘ። ቢኤስሲውም ነጥቡን ሰጠ። ልጁ ግን በምልክት ቋንቋ የሚያናግረው አጥቶ ያልጠየቀውን ወረቀት ይዞ ወጣ። ሦስቱም ዘዴ ተሳካ!

ማቀናጀት ቢሆን ኖሮ አስቀድሞ ባለጉዳዩን፣ መስኮት ላይ ያለውን ሠራተኛና የመዝገብ ቤቷን ሴትዮ ባንድ ላይ አስቀምጦ መጠየቅ ይቀድም ነበር። ደቂቃ መቁጠሩ፣ ፋይል መደርደሩም ከዚያ በኋላ ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ ምናልባትም አንደኛው ጭራሽ አያስፈልግም። ይሄ ደግሞ ከባድ ነው፤ የሥልጠና አበል የሚያስገኘው አዲስ ስም እንጂ አሮጌውን መጣል አይደለማ።

ጥያቄያችን አጭር ነው፦ ሌላ ዘዴ በመጣ ቁጥር ከነበሩት የትኛው እንደሚቀር፣ ለምን እንደሚቀር፣ ይህንንም ማን ተጠይቆ እንደወሰነ ከአዲሱ መፈክር አጠገብ ይለጠፍልን።