ከአጥር በላይ የምትበር ካሜራ

ባለፈው ሳምንት ከሂርና አንዲት እናት ደወሉልኝ። ዕድሜያቸው ከ70 ያለፈ፣ ልጅም የልጅ ልጅም ያሳደጉ ናቸው። ሰላምታው ረዘም አለ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማሽላው፣ ስለ ጤና ተጠያየቅን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ሰማዩ የማን ነው?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጎረቤታቸው ልጅ ሠርግ ይቀርፃል። ዘመድ ከውጭ ያመጣለት ትንሽ ድሮን አለችው፤ ሠርግ በሌለበት ቀን እጁን ለማፍታታት ከሰዓት በኋላ በሰፈሩ ላይ ያበራታል። የእማማ ግቢ ዙሪያውን በቆርቆሮና በቁልቋል የታጠረ ነው። እዚያ ውስጥ ምራታቸው ሻሿን አውልቃ ፀጉሯን ትታጠባለች፣ ትንንሾቹ ልጆች ራቁታቸውን ውሃ ይራጫሉ። ድሮኗ ከጣሪያው ትንሽ ከፍ ብላ ስትቆም ፍየሎቹ ገመድ እስኪበጥሱ ይደነብራሉ። እማማም ድምፁን ሲሰሙ ቤት ገብተው ዱዓ ያደርጋሉ። «ድሮን ሲባል በሬዲዮ የምንሰማው ሌላ ነገር ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ በዚህ አገር ያን ድምፅ ሰምቶ መደንገጥ የፈሪ ሥራ አይደለም።

ያስደወላቸው ግን ይህ ብቻ አይደለም። የ15 ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ከማሽላ ላይ ወፍ የሚያባርርበትን ወንጭፍ አውጥቶ ጠጠር ሲመርጥ አይተውታል።

በቅድሚያ ወንጭፉን ቀሙት አልኳቸው።

ለምን መሰላችሁ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1148 ባለይዞታ ይዞታውን የሚነካበትን ሰው በኃይል መከላከል እንደሚችል ይናገራል። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ሕጉ ፈቅዷል» የሚል ጎረምሳ አይጠፋም። ያው አንቀጽ ግን ሁኔታው ከሚጠይቀው ያለፈ ኃይል እንዳይጠቀሙ ያስጠነቅቃል። ሁለት ቤት አልፎ ሊነጋገሩት የሚቻለውን ጉዳይ በድንጋይ መፍታት ከዚህ ወሰን ውስጥ መግባቱ ያጠራጥራል። የሌላን ሰው ንብረት ሆን ብሎ ማበላሸት ደግሞ በወንጀል ያስጠይቃል። የተመታች ድሮን የት እንደምትወድቅም አይታወቅም፤ ከታች ያሉት እነዚያው ውሃ የሚራጩ ልጆች ናቸው። ሒሳቡ ሲመጣም ልጁ ዘንድ አይቆምም። በአንቀጽ 2124 መሠረት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ላደረሰው ጉዳት አባት ይጠየቃል። ይህ ለእማማ ልጅ ብቻ ሳይሆን፣ የድሮኗ ባለቤት ለአካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነ፣ ለጎረቤትየው አባትም ይሠራል።

ወደ ሰማዩ እንመለስ። ይህን የእማማን ጥያቄ በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ቶማስ ሊ ኮስቢ የተባለ ዶሮ አርቢ ለፍርድ ቤት አቅርቦት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጦር አውሮፕላኖች 25 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ በግቢው ላይ እያለፉ ያርፉ ነበር። ዶሮዎቹ በድንጋጤ ከግድግዳ እየተላተሙ 150 ያህሉ አለቁ፤ እርባታውም ተዘጋ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወስን፣ መሬት ያለው ሰው እስከ ሰማየ ሰማያት ባለቤት ነው የሚለው አሮጌ አባባል በአውሮፕላን ዘመን ቦታ እንደሌለው ተናገረ። ነገር ግን መሬቱን ለመጠቀም የሚያስፈልገው የቅርቡ አየር የሰውየው ነው፤ ኑሮውን እስኪያውኩት ድረስ ዝቅ ብለው ከበረሩ ካሳ ይገባዋል አለ። በሂርና ፍየል፣ እዚያ ዶሮ፤ ጭንቀቱ አንድ ነው።

በእኛ አገር «ሰማዩ የኔ ነው» ብሎ መነሳት የባሰ አያዋጣም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱ ራሱ የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። ደግነቱ ባለቤት መሆን አያስፈልግም። ሁላችንም በፍርድ ቤት በር የምንሰማት «ሁከት ይወገድልኝ» የምትባል ክስ አለች፤ መነሻዋ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1149 ነው። ይህች ክስ የምትጠይቀው ግቢው በእጅዎ መሆኑንና አንድ ሰው በይዞታዎ ላይ ሁከት መፍጠሩን ብቻ ነው። ሁከቱ ከተፈጠረ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለባት። በጎረቤት ላይ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጭስ፣ ሽታ፣ ድምፅና ንዝረት መልቀቅን የሚከለክለው አንቀጽ 1225ም ይደግፋታል። ሕጉ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ ድሮን የሚባል ነገር በሂርና አልነበረም። ቃሉ ግን ሰፊ ነው፤ ሁከቱ በእግር ይምጣ በክንፍ አይልም።

ስለዚህ ማስረጃው ከአሁኑ ይያዝ። ቀኑና ሰዓቱ በደብተር ይጻፍ፣ በሌላ ቤት ያዩ ሁለት ሰዎች ይታወቁ፣ ድሮኗ ግቢው ላይ ስትቆም በስልክ ትቀረፅ። ወጣቶቹ ይህን ከወንጭፍ ይልቅ ይወዱታል ብዬ እገምታለሁ።

የምራትየዋ ነገር ከፍየሎቹ ይበልጥብኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት እንዲከበር ያዛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ደግሞ የአንድን ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል፤ የተደረገ ከሆነም እንዲቆም መጠየቅ ይቻላል። ልብ በሉ፣ ይህ አንቀጽ የሚይዘው ምስሉ ሲሠራጭ ነው። ለዚህ ነው ልጁ «እኔ አልለጠፍኩትም» እንዲል መጠበቅ የሌለብን። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ከወጣ በኋላ የሚገኝ ፍርድ በአንዲት ትንሽ ከተማ ለተዋረደች ሴት ብዙም አይጠቅማት። የመጀመሪያው ጥያቄያችን እስከ ዛሬ የተቀረፀው ፊታችን ይጥፋ የሚል መሆን አለበት።

አሁን ከሁሉም የሚከብደው ቀረ። በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የሚቆጣጠረው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ነው። ስንቱ መንገደኛ ቦሌ ላይ ድሮኑን አስረክቦ እንደገባ ሰምታችኋል። የሂርናው ልጅ ፈቃድ ከሌለው ለፖሊስ የሚነገር አንድ ቃል ነገሩን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ድሮኗ ትወሰዳለች። ግን ድሮኗ ብቻ ትወሰዳለች ብላችሁ አታስቡ። በዚህ የጸጥታ ጊዜ ያለ ፈቃድ ካሜራ ሲያበር የተገኘ ወጣት የሚጠየቀው ስለ ምራትየዋ ፀጉር አይደለም። ለማን ነው የምትቀርፀው ይባላል። የእማማ ቤተሰብ ደግሞ ከዚያ ልጅ እናት ጋር ነገም በአንድ ቦኖ ውሃ ይቀዳል፣ በአንድ ለቅሶ ይቀመጣል።

እኔ መጠቆም ነውር ነው አልልም። ልጁ ተነግሮት እንቢ ካለ፣ ወይም ምስል አውጥቶ ካስፈራራ፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ፖሊስ ይኬድ። ግን የመጀመሪያው እርምጃ መሆን የለበትም። ከሁሉ በፊት አባትየው እንዲያውቅ ይደረግ። ብዙ አባት ልጁ የሚያበራት ነገር ፈቃድ የሚጠየቅባት መሆኑን አያውቅም፤ ሲያውቅ ድሮኗን ቀድሞ የሚቆልፍባት እሱ ነው። ያ ካልሆነ ሽማግሌ አለ። ጨፌ ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ በክልሉ የባህል ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ዕውቅና አግኝተዋል፤ ሁለቱም ወገን ከፈቀደ እንዲህ ያለውን የፍትሐ ብሔር ክርክር ያያሉ። የጉርብትናን ልክ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በዚያም ካልተቋጨ ሁከት ይወገድልኝ ለወረዳው ፍርድ ቤት ይቀርባል። ደብተሩና ምስክሮቹ የሚያስፈልጉት ያን ጊዜ ነው።

እማማ ሁሉን በጥሞና ሰሙኝና፣ «ልጁን እኮ እኔ ነኝ ያዋለድኩት» አሉኝ። ሐሙስ ዕለት መልሰው ደወሉ። ከባለቤታቸው ወንድም ጋር ሄደው አባትየውን አነጋግረዋል። ልጁ በስልኩ ያለውን እፊታቸው አጥፍቷል፤ ድሮኗንም ፈቃድ እስኪያወጣላት ሳጥን ውስጥ አስገብቷታል። የልጅ ልጃቸው ግን ወንጭፉን እስካሁን እየለመናቸው ነው፤ ማሽላው ስላልታጨደ ሳይመልሱለት አይቀሩም።