ግጥምና ዜማ፦ «ሕዝብ»

ከጠፋሁ ሰነበትኩ አይደል? ምክንያት አለኝ፤ ቁይ ነበርኩ። (ቁይን ለማታውቁ፦ ምሥራቅ ጎጃም፣ የደባይ ጥላትግን ወረዳ ዋና ከተማ ናት። «ቁይ ደግሞ የት ነች?» ብሎ የሚስቅ አዲስ አበቤ ካለ፣ ምሳ ላይ የበላው እንጀራ ከየት እንደመጣ ይጠይቅ።) የሄድኩት ለጥር ሰርግ ነበር። ሰርጉ አለቀ፣ ዳሱ ፈረሰ፣ እኔ ግን ቀረሁ። ያስቀረኝ አንድ ካሴት ነው።

አጎቴ አልጋቸው ሥር አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት አላቸው። ቆጠርኩት፤ 63 ነው። ግማሹ ሽፋን የለውም፣ ጥቂቱን አይጥ ቀምሶታል፣ የቀረው ግን በባትሪ ድንጋይ በሚሠራው ቴፓቸው ዛሬም ይዘፍናል። አንድ ማታ አንዱን ከፍተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩና «ይኼን ዜማ ያወጣው ሰውዬ ሞተ» አሉ።

«ማን ነበር ጋሼ?»

«እዚሁ ገበያ መሰንቆ ይመታ የነበረ አዝማሪ ነዋ! ልጁን ታውቂያታለሽ፤ ጠላ ቤት ያላት።»

የካሴቱን ሽፋን አገላብጬ አየሁት። በዚያ በምናውቀው ደቃቅ ጽሑፍ «ግጥምና ዜማ፦ ሕዝብ» ይላል።

«ሕዝብ ነው የሚለው እኮ» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ። «አንቺ፣ ሕዝብ መሰንቆ ሲመታ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

መልስ አልነበረኝም። የጋዜጠኝነት ምሩቅ መልስ ሲያጣ ምን ያደርጋል? ስልኩን ያወጣል። ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ ሦስት ቦታ አገኘሁት። አንዱ ጋ ግጥሙም ዜማውም የዘፋኙ ተብሏል፤ ሁለተኛው «የጎንደር ባህላዊ» ይለዋል፤ ሦስተኛው ስለ ባለቤቱ ምንም ሳይል የዘፋኙን ስም እንኳ አሳስቶ ጽፎታል። እንግዲህ ለዘመድ ሰርግ ሄጄ የምርመራ ጋዜጠኛ ሆንኩላችሁ። ከዩቲዩብ ወጥቼ፣ ሙዚቀኞችና ተመራማሪዎች ወደሚጠቀሙባቸው የኢንተርኔት ማመሳከሪያዎች ገባሁ።

ሐቁን ልናገር፤ ከጠበቅኩት በላይ ብዙ ነገር አለ። ሃሮልድ ኮርላንደር የቀረጸው፣ ፎክዌይስ እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተመው የኢትዮጵያ ባህላዊ ሙዚቃ ሸክላ አለ፤ አብሮት የታተመውን ማብራሪያ ስሚዝሶንያን ድረ ገጹ ላይ በነፃ አስቀምጦታል። ፐርሴ በሚባለው የፈረንሳዮች ማኅደር ደግሞ «አናል ዴትዮፒ» የተባለውን የጥናት መጽሔት ከ1955 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነፃ ታገኙታላችሁ። በ2013 እትሙ ስቴፋኒ ቫይሰርና ፍራንሲስ ፋልሴቶ የአማራን ዓለማዊ ሙዚቃ ቅኝት በድምፅ ልኬትና በታሪክ የመረመሩበት ጽሑፍ አለ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ አምስት አምስት የፒያኖ ቁልፎች ብቻ መስለው የተነገሯችሁ ልጆች አንብቡት። «ግሮቭ» የተባለው ትልቁ የሙዚቃ መዝገበ ዕውቀትም ኢንተርኔት ላይ አለ፤ እሱ ግን በክፍያ ስለሆነ ደጃፉ ላይ ቆሜ ተመለስኩ።

ብዙ የቆየሁት ዲስኮግስ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ፣ ሸክላና ካሴት ወዳጆች ራሳቸው የሚሞሉት የዓለም ሸክላ መዝገብ ነው። የአምሃ እሸቴን አሳታሚ ቤት ብትፈልጉ፣ ከ1969 እስከ 1975 (እ.ኤ.አ.) ያወጣቸው ከመቶ በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎች በየቁጥራቸው፣ አንዳንዴም የመሐል ወረቀታቸው ፎቶ ሳይቀር ተደርድረው ታያላችሁ። ደስ ይላል። እኔ ሳልወለድ የተቀጣጠለው የአዲስ አበባ ሌሊት እንዲህ ተመዝግቦ ማየት ያኮራል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ መዝገብ የኖረው ሸክላው ስለሚሸጥ ነው። ቶኪዮ ወይም ፓሪስ የተቀመጠ ሰብሳቢ አንዱን ሸክላ በመቶ ዶላሮች ስለሚገዛ፣ ቁጥሩን፣ ዓመቱን፣ የሳክስፎን ነፊውን ስም ማወቅ ይፈልጋል። እነ ፋልሴቶም ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምረው በብዙ ቅጽ በታተመው «ኢትዮፒክስ» ያን ዘመን በዝርዝር አስነበቡን፤ ምስጋና ይገባቸዋል። ከዚያ በኋላ የመጣው የካሴት ዘመን ግን፣ ያ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎ መሰንቆና ክራር በየአውቶቡሱና በየጠላ ቤቱ የተንቆረቆረበት ዘመን፣ ማን ይግዛው? የሚገዛው ስላጣ የሚመዘግበውም አጣ። ካርታውን የሳለው ገዢው ነው፤ የአጎቴ ካርቶን ካርታው ላይ የለም።

«ካሴት ምን ያደርጋል?» የምትሉ ካላችሁ የኃይሉ መርጊያን ነገር ላስታውሳችሁ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ፣ የአፍሪካ ካሴቶችን ኢንተርኔት ላይ የሚያሰማ ሰው፣ እዚሁ ክልላችን ባሕር ዳር ውስጥ አንድ የቆየ ካሴት አገኘ። በ1985 (እ.ኤ.አ.) የተቀረጸው የኃይሉ «ሸሞንሟናዬ» ነበር። ስሙን ፈላልጎ ሲደርስበት ሰውዬው ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ይነዳል። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ የዋልያስ ባንዱ ሰው ዓለም አቀፍ መድረክ ላይ ተመለሰ። አሁን ሽፋኑ ላይ «ሕዝብ» የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰውዬው ማንን ይፈልግ ነበር?

አንድ ሌላ ችግር አለ፤ ፊደል። ጥላሁን ገሠሠን በላቲን ፊደል ስትፈልጉ «ቲ»ን ከ«አይ» የሚያጋባ አለ፣ «ቲ»ን በቀጥታ ከ«ኤል» የሚያላትም አለ፣ የኢትዮፒክስ ሲዲዎች ደግሞ በየአናባቢው ላይ የፈረንሳይ ጭረት ይደረድራሉ። በራሳችን ፊደል ስንመጣስ? በንጉሡ ሠ ነው በእሳቱ ሰ? ታላቁ ጥላሁን እንዲህ ከተሰቃየ የቁይ ገበያ አዝማሪ ምን ተስፋ አለው!

ይኼ ጉዳይ የናፍቆት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለደራሲው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት የኢኮኖሚ መብት ይሰጣል። በ2007 የወጣው ማሻሻያ አዋጅ 872 ደግሞ ሮያሊቲ የሚሰበስብ የጋራ አስተዳደር ማኅበር እንዲቋቋም ፈቀደ። ጎሽ! ነገር ግን ያው አዋጅ ሥራው ወጥ መሆኑ ብቻ አይበቃውም፤ ግዙፍነት እንዲያገኝ፣ ማለትም እንዲጻፍ ወይም እንዲቀረጽ ይፈልጋል። አዝማሪ ገበያ ላይ አዜመ፤ አላስቀረጸም። ሌላው ሰምቶ ስቱዲዮ ገባ። በሕጉ ዓይን ማን ቀደመ? መጀመሪያ ያስቀረጸው። «ሕዝብ» የሚለው ቃል ትሕትና ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው፤ ባለቤቱ የማይታወቅ ዜማ ሞልቶናል። አንዳንዴ ግን «ልጠይቅ አልፈለግሁም» ለማለት የሚያገለግል የጨዋ ቃል ነው።

የሚገርመው ይኼ ሁሉ የሚሆነው በጎጃም መሆኑ ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩባቸውን ደብረ ኤልያስን፣ ደብረ ወርቅን፣ ዲማን አስቡ። በቅኔ ቤት «ይኼን ቅኔ ማን ዘረፈው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም የሰው ስም ነው። ተማሪው የማን ተማሪ እንደሆነ፣ መምህሩም ከማን እንደተማሩ ይቆጠራል። ድጓው ምልክት አለው፤ ግዕዙ፣ ዕዝሉ፣ አራራዩ ተለይቷል። ኢንተርኔት ሳይኖር፣ ወረቀት በብራና ዘመን፣ ማመሳከሪያ ነበረን ማለት ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ መሰንቆ ይዞ ለቆመው ግን ያን ክብር ነፈግነው። እኔ በበኩሌ አዝማሪን በመናቅ የጀመርነው ነገር ነው እላለሁ። የናቁትን ማን ይመዘግባል?

ታዲያ ምን እናድርግ? የመንግሥት ተቋም እስኪመሠረት፣ ስፖንሰር እስኪገኝ አንጠብቅ። ሚውዚክብሬይንዝ የሚባል ክፍት የሙዚቃ መዝገብ አለ፤ ማንም ተመዝግቦ ይጽፍበታል። ለአንድ ሰው ብዙ ዓይነት የስም አጻጻፍ ይቀበላል፣ በግዕዝ ፊደልም ጭምር። ገጣሚን ከዜማ ደራሲ፣ ሁለቱንም ከዘፋኙ ለይቶ ያስቀምጣል። መረጃውን ማንም በነፃ ያወርደዋል። ይኼ መጨረሻው ነገር ለኛ ቅንጦት አይደለም፤ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ «ኦንላይን አለ» የተባለ ነገር ሁሉ ለኛ እንደሌለ አይተነዋል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈው ደብተር ላይም ይጻፍ።

እኔ ከ63ቱ ካሴቶች ጀመርኩ። ሽፋን ላይ ያለው እንዳለ፤ ከጎኑ ሰው የሚለው፣ ማን እንዳለው፣ መቼ እንዳለው። የአጎቴን ቃል ብቻ ይዤ «ባለቤቱ እሱ ነው» ብዬ አልጻፍኩም። ለምን? አንድ የሰፈሩ ሽማግሌ «እኔ ልጅ ሆኜ፣ ያ ሰው መሰንቆ ሳይዝ በፊት ሰምቼዋለሁ» አሉኝ። አጎቴ ተቆጡ፤ ሁለት ቀን አኮረፉኝ። ሁለቱንም ጻፍኳቸው።

ከዚያ ጠላ ቤት ሄድኩ። ልጅቱ (ልጅቱ ስል እናቴ ትሆናለች) የአባቷን ስም ስጠይቃት ታለቅሳለች ብዬ ነበር፤ ፊልም አይቶ ማደግ መጥፎ ነው። የጠየቀችኝ ጥያቄ «ስንት ብር ይከፍላሉ?» የሚል ነው። ምንም ብር እንዳልያዝኩ፣ መብቱን ለመጠየቅ ግን ስሙ መጻፍ እንዳለበት፣ ያም ሆኖ በሕጉ በኩል ጭቅጭቅ እንዳለበት ሳልደብቅ ነገርኳት። ጠላ ቀዳችልኝና ስታስብ ቆየች። ከዚያ የአባቷን ስም እስከ አያቱ ነገረችኝ። ጻፍኩ። ደብተሩን ወደ ራሷ አዞረችና በጣቷ አንድ ፊደል ነካች።

«በሐመሩ ሐ ነው» አለችኝ። «ይኼን ሰርዢው።»

ሰረዝኩት።